በፎገራ ሜዳ የጣና ዳርቻ የሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር ሥነ ምኅዳራዊ ደኅንነት፦ ከእምቦጭ እስከ ጎጂ አልጌ

የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ እያቋረጡ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት የሚያወርዱት ደለል ሜዳውን ለሩዝ ያመቻቸ፣ ወረታንም የሩዝ መፈልፈያና መገበያያ ከተማ ያደረገ ሀብት ነው። ያው ደለል ግን ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያና ከደጋው የተሸረሸረ ፎስፎረስ ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይዘልቃል። ቀድሞ ጎርፉን ተቀብለው ያጣሩ የነበሩት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ለእርሻ እየተለወጡ በእጅጉ ጠበዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና የታየው እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተስፋፋው በዚህ ንጥረ ነገር ላይ ነው።

እምቦጭን በተፈጥሮ ጠላቱ ለመቆጣጠር በሚቀርቡ ሐሳቦች ውስጥ የደኅንነት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ መልክ ብቻ ይይዛል፦ የሚለቀቀው ጢንዚዛ ሌላ ተክል ይበላል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለፎገራ ዳርቻ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ጢንዚዛው ከተሳካለት በኋላ በውኃው ውስጥ የሚሆነውን ይመለከታል።

የመጀመሪያው ግማሽ በአንጻራዊነት የተመለሰ ነው። ኒዮኪቲና አይኮርኒዬ እና ኒዮኪቲና ብሩኪ የተባሉት ሁለቱ የደቡብ አሜሪካ ጢንዚዛዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ አገሮች ተለቅቀዋል፤ የሕይወት ዑደታቸውንም የሚፈጽሙት በእምቦጭ ላይ ነው። ከኡጋንዳ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከስምጥ ሸለቆ አየር ጠባይ ጋር መላመዳቸው ተጠንቷል። ሩዙም፣ ጓያውም፣ የሐይቁ ደንገልም ከእነዚህ ነፍሳት የሚያሰጋቸው ነገር አለ ለማለት የሚያስችል ምክንያት የለም። ይልቅስ አጠራጣሪው ውጤታማነታቸው ነው። ጢንዚዛው ወደ ጉልምስና የሚሸጋገረው በውኃ ውስጥ ከተንጠለጠለ የእምቦጭ ሥር ጋር ተጣብቆ ነው። በፎገራ ደግሞ ውኃው ከክረምት በኋላ እየሸሸ ሲሄድ እምቦጩ ባሕር ሸሽ በሚባለው መሬት ላይ ቀርቶ ጭቃ ውስጥ ሥር ይሰድዳል። በጭቃ ላይ ያለ ተክል ለአዲሱ የጢንዚዛ ትውልድ መራቢያ ሊሆን አይችልም፤ በጭቃው የተቀበረው የእምቦጭ ዘር ግን ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

አሁን ጢንዚዛው ተሳካለት እንበል። በተለያየ ምክንያት የተዳከመ እምቦጭ ይሰምጣል፤ ሲበሰብስም የያዘውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይለቅቃል፣ የውኃውንም ኦክሲጅን ይሻማል። በሥሩ የነበረው ጥላ ሲነሣ ብርሃን ይገባል። ጣና አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ በክረምት ደለል የሚደፈርስ ሐይቅ በመሆኑ አልጌውን በብዙ ጊዜ የሚገታው የብርሃን ማነስ ነው። ድፍርሱ ሲጠራ፣ ይኸውም በጥቅምትና በኅዳር ግድም፣ የሐይቁ የአልጌ ምርት ከፍ ይላል፤ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳይኖባክቴሪያም በዚያው ወቅት ሲበዛ ተመዝግቧል። የእምቦጩ መክሰም ከዚህ ወቅት ጋር ከገጠመ አረሙ የያዘው ፎስፎረስ አልጌውን ሊመግብ ይችላል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ጢንዚዛዎቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተለቅቀው የእምቦጩ ሽፋን በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ በእጅጉ ወርዷል። ምስጋናው ለጢንዚዛው ነው ወይስ ለ1997/98ቱ የኤልኒኞ አየር ጠባይ የሚለው ክርክር ተመራማሪዎችን አከራክሯል። ለጣና ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ምልከታ ነው፦ በኬንያ በኩል ያለው የዊናም ባሕረ ሰላጤ በእምቦጭም በሳይኖባክቴሪያ መብዛትም የሚታወቅ ሥፍራ ነው። ይህ አንዱ ሌላውን እንዳስከተለ አያረጋግጥም፤ ሁለቱ ከአንድ ንጥረ ነገር እንደሚመገቡ ግን ያሳስባል።

ማይክሮሲስቲስ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ውኃን በማፍላት አይወገድም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ከሐይቁ ዳር ውኃ ለሚቀዳ ቤተሰብና የፎገራ ከብቱን እዚያው ለሚያጠጣ ገበሬ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም።

ታዲያ አልጌውን ራሱን በሕያው ጠላት መዋጋትስ? አልጌን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች በቤተ ሙከራ ተስፋ ሰጪ ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን መርዙ በአብዛኛው ያለው በሕዋሱ ውስጥ ነው፤ ሕዋሱ በድንገት ሲፈርስ መርዙ ወደ ውኃው ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአውስትራሊያ ፓልም ደሴት የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያው ላይ የበዛው አልጌ በመዳብ ሰልፌት ከተመታ ከቀናት በኋላ 148 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ በጉበትና በአንጀት ሕመም ተይዘዋል። ያ መሣሪያ ኬሚካል፣ መርዙም ከማይክሮሲስቲን የተለየ ነበር፤ ሕዋስ አፍራሹ ባክቴሪያ ሲሆንም ግን ያው መፍሰስ ይጠበቃል። በመሆኑም «ሥነ ሕይወታዊ» የሚለው ቃል ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።

አልጌ አጣርቶ የሚመገበውን የቻይና ብርማ ካርፕ ማስገባት ለጣና ከሁሉ የከፋ ምርጫ ይሆናል። በዉሃን ከተማ የምሥራቅ ሐይቅ የማይክሮሲስቲስ መብዛት በ1980ዎቹ መጥፋቱ ከዚህ ዓሣ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል፤ ይሁንና የማይክሮሲስቲስ ስብስቦች በዝልግልግ ሽፋናቸው ተጠብቀው ከዓሣው አንጀት በሕይወት ሊወጡ እንደሚችሉም ታውቋል። በጣና ከዚህም በላይ የሚያሰጋ ነገር አለ። በዓለም ሌላ የትም የማይገኙት 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዝርያዎች እዚህ ይኖራሉ፤ ከእነርሱም በርካቶቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ይወጣሉ። አንዴ የገባ ዓሣ ተመልሶ አይወጣም፤ ጢንዚዛም እንዲሁ፣ ነገር ግን ጢንዚዛው ምግቡ ሲያልቅ አብሮ ይከስማል።

የሐይቁ ተወላጅ የሆነው ቆሮሶ ሳይኖባክቴሪያን በጨጓራው አሲድ መፍጨት መቻሉ ከውጭ ዓሣ የተሻለ መነሻ ያደርገዋል። ሆኖም ቆሮሶ ለገበያ የሚጠመድ ዓሣ ነው፤ መርዙ በተለይ በጉበቱና በሆድ ዕቃው ሊከማች ስለሚችል የመርዙ ልኬት ከዓሣው ሕብረ ሕዋስም መወሰድ ይኖርበታል። በሌላ አገር የሚሞከረው ገለባ መንከር ደግሞ በፎገራ ቀላል የሚመስለው ለማያውቅ ብቻ ነው፤ የሩዝ ገለባ በበጋ የከብቱ መኖ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ዳርቻ የሚዘጋጅ የደኅንነት ግምገማ ከተክል ምርጫ ፈተና አልፎ የአረሙን አሟሟት ፍጥነት ሊለካ ይገባል። ተግባራዊ መንገዱ በጉማራ መግቢያ በተከለሉ የውኃ ክፍሎች ውስጥ ጢንዚዛ የተለቀቀበትን፣ በእጅ የታረመበትንና ያልተነካውን እምቦጭ ማነጻጸር ነው፤ በእያንዳንዱም የተሟሟ ፎስፎረስን፣ ኦክሲጅንን፣ የማይክሮሲስቲስን ብዛትና ማይክሮሲስቲንን ከነሐሴ ድፍርስ እስከ ኅዳር ጥራት መከታተል። በእጅ የታረመው ክፍል ሁለት መሆን አለበት፦ አረሙ ከዳርቻ የራቀበትና እንደ ብዙ ጊዜው በውኃው አፋፍ ተከምሮ የቀረበት። ክምሩ በሚቀጥለው ክረምት ንጥረ ነገሩን ወደ ሐይቁ ይመልሳልና፣ ከጢንዚዛው ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ይኸኛውም አሠራር ነው። የመርዙ ልኬት ከተቀመጠው ወሰን ካለፈ ውጤቱ ለኅትመት ከመድረሱ በፊት በዚያው ሳምንት ለቀበሌውና ከብት ለሚያጠጡት ሰዎች መነገር አለበት፤ ይህም በጥናቱ ንድፍ ውስጥ ከመጀመሪያው ሊጻፍ ይገባል።