የድል በዓል በጅማ ከተማ

በአጋሮ አቅራቢያ የሚኖር አንድ ቡና አምራች ገበሬ ነበረ። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ሥራውን ትቶ ወደ ጅማ ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለልጆቹ አይናገርም። የበኵር ልጁ አሥር ዓመት በሞላው ጊዜ፥ «ዘንድሮ አንተም ከእኔ ጋራ ትሄዳለህ» አለው።

ከአጋሮ እስከ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባትና ልጅ በማለዳ ተነሥተው በመኪና ተሳፈሩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቆሞ ይታይ ነበር። ቡና ብርቱ ፀሐይ ስለማይስማማው ገበሬው እነዚህን ዛፎች አይቆርጥም። ጊዜው ሚያዝያ ስለ ነበረ ነጩ አበባ ረግፎ ፍሬው መቋጠር ጀምሮ ነበር።

ጅማ በደረሱ ጊዜ አባት እንዲህ አለ፦ «ይህ ከተማ የተሠራው ሂርማታ በሚባለው በጥንቱ ገበያ አጠገብ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች በዚያ ይገናኙ ነበር። በጅሬን ኮረብታ ላይ ደግሞ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሟል።»

ወደ አደባባዩም ሄዱ። ተማሪዎች ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ተሰልፈዋል፤ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች የአባቶቻቸውን ኒሻን በደረታቸው አድርገው ይፎክራሉ። ከዚያም ሕዝቡ ለሞቱት መታሰቢያ ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ልጁ ቀና ብሎ ቢመለከት አባቱ ያለቅስ ነበር።

አንድ ሽማግሌም ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦ «ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማይቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጠላት እጅ ወጣች። ንጉሠ ነገሥቱም ከስደት ተመልሰው የገቡት ጠላት በገባበት ዕለት፥ በአምስተኛው ዓመት፥ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጅማ ግን ያን ጊዜ ገና አልተለቀቀችም። ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ የእንግሊዝ መንግሥት ወታደሮች ጊቤን ተሻገሩ። እነ ገረሱ ዱኪን የመሰሉ አርበኞችም በዚሁ አገር ይዋጉ ነበር። ጅማ የተለቀቀችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።»

ልጁም፥ «አባባ፥ ለምን አለቀስህ?» ብሎ ጠየቀ።

አባት እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «አያቴ አርበኛ ነበረ። የሞተው በግንቦት 1933 ዓ.ም. በጊቤ አጠገብ ነው። መቃብሩ የት እንደ ሆነ አይታወቅም። የማስበው በምን ስፍራ ነው? ስለዚህ በዚህ ቀን መጥቼ ከሰው ጋራ እቆማለሁ።»

ልጁ ቀኖቹን በልቡ ቈጠረና፥ «እንግዲያስ የሞተው አዲስ አበባ ላይ ድል ከሆነ በኋላ ነው። ጥቂት ቢታገሥ ኖሮ አይተርፍም ነበርን?» አለ።

አባት ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም፥ «ቢታገሥ ይተርፍ ነበር። ነገር ግን በአዲስ አበባ ደስታ ሲሆን የእኛ አገር ገና በጠላት እጅ ነበረ። ሁሉ ሰው ‹ድል ሆኗል› ብሎ ቢቀመጥ ሰኔ 14 ከወዴት ይመጣ ነበር?» አለው። ቀጥሎም፥ «እኔ መጻፍ አልተማርሁም። አንተ ግን ተምረሃል፤ ስሙንና የሞተበትን ወር በደብተርህ ጻፍልኝ» አለ። ልጁም በአደባባዩ ዳር ተቀምጦ ጻፈ። አባትም ማንበብ ባይችል ደብተሩን ተቀብሎ ፊደሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

ልጆች ሆይ፥ አስተውሉ። የበዓል ቀን ለሁሉ አንድ ነው፤ ነጻነት ግን ለአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አልደረሰም። ጎንደርም የተለቀቀችው በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል ስማቸው ሳይጻፍ የወደቁ ብዙዎች ናቸው። በቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጠይቃችሁ የሰማችሁትን ጻፉ፤ የሚያውቅ ሰው ሲያልፍ ያልተጻፈው ነገር አብሮ ያልፋልና።

ጥያቄ

1. ሚያዝያ 27 ቀን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. ምን ሆነ?
2. ከሚያዝያ 27 እስከ ሰኔ 14 ስንት ቀን ነው?
3. አባት ሚያዝያ 27 ቀን ወደ ጅማ የሚሄደው ስለ ምንድር ነው?
4. በአገራችሁ ጠላት የወጣው መቼ እንደ ሆነ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ።