«አለህ ወይ?»
(ዝም ስላለ መስመርና ስለ ልብ ትርታ)

ሁለት ሰዎች በስልክ ሲነጋገሩ አንደኛው ድንገት ዝም ቢል፣ ሌላው «ሃሎ! አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «አለሁ» የሚል ከሰማ ጨዋታውን ይቀጥላል፤ ካልሰማ መስመሩ መቋረጡን ዐውቆ እንደ ገና ይደውላል። ኮምፒውተሮችም መልእክት ሲለዋወጡ ይኸው ችግር ያጋጥማቸዋልና፣ የሳይንስ ክበባችን በዚህ ነገር ያገኘውን ትምህርት ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በቀራንዮ ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነው። በመጣ ጊዜ ሮቶው ካልተሞላ በማግሥቱ ተማሪው የሚጠጣውንም የሚታጠብበትንም ያጣል። ስለዚህ ክበባችን የውሃውን መምጣት የሚያውቅ አነስተኛ መሣሪያ በቧንቧው ላይ አኖረ። መሣሪያው መልእክቱን የሚልከው ወደ ብሮከር ነው። ብሮከር ማለት እንደ ፖስታ ቤት ከላኪ ተቀብሎ ለተቀባይ የሚያደርስ ፕሮግራም ሲሆን፣ እኛ የተጠቀምንበት ራቢት ኤም ኪው ይባላል። ተቀባዩ በዘበኛው ክፍል ያለው ኮምፒውተር ነው፤ መልእክቱ ሲደርሰው ደወል ይደውላል፣ ዘበኛውም ተነሥቶ ፓምፑን ያስነሣል።

ቀን ቀን ስንሞክረው ደወሉ ሳያዛንፍ ይደውል ነበር። ሌሊት ግን ውሃው መጥቶ ሲሄድ ደወሉ ዝም አለ። ጠዋት ብናየው ፕሮግራሙ እየሠራ ነው፤ መስመሩም «ተገናኝቷል» ይላል። ታዲያ መልእክቱ የት ገባ?

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ በኮምፒውተር መስመር ላይ ግን ዝም ይነቅዛል። ይኸውም በተቀባዩና በብሮከሩ መካከል ያለው ራውተር የሚያልፉበትን መስመሮች በመዝገቡ ይይዛል። መዝገቡ ወሰን ስላለው፣ ብዙ ጊዜ ምንም ያልተላለፈበትን መስመር ይሰርዛል፤ ሲሰርዝም ብዙውን ጊዜ ለማንም አያስታውቅም። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ተቀባይ ደግሞ ራሱ ምንም ስለማይልክ፣ መስመሩ መሞቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሊኑክስ ላይ ቲ ሲ ፒ የሚያደርገው የራሱ ምርመራ ቢኖርም፣ ፕሮግራሙ ካላዘዘው አይጀምርም፤ ቢታዘዝም የተለመደው መጠበቂያው 7200 ሴኮንድ፣ ማለት 2 ሰዓት ነው። እስከዚያ ውሃው ሄዷል።

ይህን በግምት እንዳንቀበለው ፈተና አደረግን። መስመሩን 1 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 10፣ በመጨረሻም 20 ደቂቃ ዝም አሰኝተን ከእያንዳንዱ ዝምታ በኋላ አንድ መልእክት ላክን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደረሱ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተላከው አልደረሰም። ቀን የሠራው በየጊዜው ስለምንልክበት ኖሯል!

መድኃኒቱ የልብ ትርታ የሚባለው ነው። ብሮከሩና ተቀባዩ ሲገናኙ በአንድ የጊዜ ገደብ ይስማማሉ፤ ከዚያም ሥራ ባይኖርም በገደቡ እኩሌታ ያህል ጊዜ አንዲት ትንሽ ምልክት ይላላካሉ። ሁለት ምልክት በተከታታይ ከቀረ ያኛው ወገን እንደሌለ ተቆጥሮ መስመሩ ይዘጋል። በራቢት ኤም ኪው የተለመደው ገደብ 60 ሴኮንድ ነው፤ 0 ከተባለ ግን ትርታው ይቆማል። ከሌላ ሥራ በተወሰደው ፕሮግራም ውስጥም የተገኘው ይኸው 0 ነበር። ወደ 20 ሴኮንድ ለወጥነው። መስመሩን በሕይወት ለማኖር 60ም ይበቃ ነበር፤ 20 የመረጥነው መቋረጡን ፈጥነን ለማወቅ ነው። ከ5 በታች ማድረግ ግን አይመከርም፤ መንገዱ ጥቂት ሲጨናነቅ ሕያው የሆነው መስመር እንደ ሞተ ይቆጠራልና።

ትርታ ብቻውን የጠፋ መልእክት አይመልስም። ስለዚህ ተቀባዩ ሥራውን ሲፈጽም «ተቀብያለሁ» የሚል ማረጋገጫ እንዲሰጥ አደረግን፤ ማረጋገጫ ሳይደርሰው መስመሩ ከተቋረጠ ብሮከሩ መልእክቱን መልሶ ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ደወሉ አንድ ጊዜ ሲበቃው ደጋግሞ ይደውል ጀመር። የብሮከሩን መዝገብ ብንመለከት ከተቀባዩ የልብ ትርታ ስለ ቀረ መስመሩ መዘጋቱን ይናገራል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ 3 ደቂቃ ሙሉ ሲደውል ሌላ ሥራ ስለማይሠራ ትርታውን መላክ አልቻለም፤ ብሮከሩም እንደ ሞተ ቈጥሮ መልእክቱን እንደ ገና ሰጠው። አንዳንዱ «ትርታውን እናጥፋው» አለ፤ እንዲህ ቢደረግ ግን ወደ ፊተኛው በሽታ መመለስ ነው። ይልቁን መደወሉን ለብቻው እንዲሠራ ለይተን ትርታውን ነጻ አወጣነው።

ይህ ብልሃት የራቢት ኤም ኪው ብቻ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመቈጣጠር በፈጠሩት ኤም ኪው ቲ ቲ ውስጥም አለ፤ በዚያ ደንብ ተቀባዩ ከተስማማበት ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ዝም ካለ ብሮከሩ መስመሩን ይዘጋል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥማችሁ «ተገናኝቷል» የሚለውን ጽሕፈት ብቻ አትመኑ። መስመሩ በስንት ደቂቃ ዝምታ እንደሚሞት ለኩ፤ ትርታውን ከዚያ አሳንሱ፤ ረጅም ሥራ ትርታውን እንዳያግደው ለዩት፤ ማረጋገጫውንም ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ስጡ። መሣሪያ የሚታመነው ሲናገር ብቻ ሳይሆን ዝምታውም ምን ማለት እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው።