የነዳጅን ዋጋ መተንበይ፦ ከነርቭ መረብ ምን እንጠብቅ?

ከዝዋይ ሐይቅ ወደ አቢጃታ የሚፈሰውን የቡልቡላን ወንዝ ተከትለን ብንጓዝ፣ በሞተር ፓምፕ ውኃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አርሶ አደሮችን እናገኛለን። ለፓምፑ የሚያስፈልገው ነዳጅ ከውጭ አገር ይገዛል። የአገር ውስጥ ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ቢሆንም፣ የዓለም ገበያ መናወጥ ዞሮ ዞሮ ማሳው ላይ ይደርሳል። ታዲያ ገበሬው ችግኙን ወደ ማሳ ከማዛወሩ በፊት የመጪውን ጊዜ ዋጋ ሊያውቅ ይችላልን?

የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው «ፊውቸርስ» በተባለው ውል ነው። ይህም ወደፊት በተወሰነ ወር የሚረከቡትን ነዳጅ ዛሬ በተስማሙበት ዋጋ ለመሸጥ ወይም ለመግዛት የሚገባ ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በኒውዮርክ የተጀመረው የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ አንድ ውል 1,000 በርሜል ሲሆን፣ አንድ በርሜል 159 ሊትር ያህል ነው።

ይህን ዋጋ ለመተንበይ ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ነው። ለምሳሌ ያለፉትን 5 ቀናት ዋጋ ለመረቡ እንሰጠዋለን። እያንዳንዱ ቁጥር «ክብደት» በተባለ ቁጥር ይባዛል፤ ብዜቶቹም ተደምረው ቀጥተኛ ባልሆነ ፈንክሽን ውስጥ ያልፋሉ። ውጤቱ ከእውነተኛው ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ የተገኘው ስህተት ወደ ኋላ ይሰራጭና ክብደቶቹ በጥቂት በጥቂቱ ይታረማሉ። ይህ ሥልት በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ራምልሃርት፣ ሂንተንና ዊሊያምስ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዋጋው በተከታታይ ቀናት 70፣ 72፣ 71፣ 74 እና 73 ዶላር ነበር እንበል። ያለ አንዳች ስሌት «ነገ እንደ ዛሬ ነው» ብንል፣ ስህተታችን 2፣ 1፣ 3 እና 1፣ አማካዩም 1.75 ዶላር ይሆናል። ይህም ከዋጋው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም! ስለዚህ አንድ መረብ «97 በመቶ ትክክል ነው» ቢባል ገና ምንም አልተረጋገጠም። ብዙ ጊዜ የትንበያው መስመር የእውነተኛው ዋጋ መስመር በአንድ ቀን ዘግይቶ የተሣለ ሆኖ ይገኛል። መረቡ የተማረው የትናንቱን መድገም ብቻ ነው ማለት ነው። የታወቀው ወሬ ሁሉ በዛሬው ዋጋ ውስጥ ገብቷል፤ ነገን የሚለውጠው ግን ገና ያልተሰማው ነው።

ለዚህም ጥሩ ምስክር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የነዳጅ ፍላጎት ወድቆ፣ የኩሺንግ ማጠራቀሚያዎች ወደ መሙላት ተቃርበው፣ የግንቦት ወር ውልም ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዋጋው ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ሆኖ ተዘጋ። ሻጩ ለገዢው ከፈለ ማለት ነው! ከዜሮ በላይ ባሉ ዋጋዎች ብቻ የሠለጠነ መረብ ይህን ከወዴት ይማረዋል?

እንግዲህ መረቡን ስንፈትን ሁለት ደንቦችን እንጠብቅ። በቀደሙት ዓመታት አሠልጥነን በኋለኞቹ እንፈትን፤ ውጤቱንም ሁልጊዜ ከ«ነገ እንደ ዛሬ ነው» ጋር እናወዳድር። ለቡልቡላው ገበሬም ከአንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይልቅ፣ ዋጋው ምን ያህል ሊወጣና ሊወርድ እንደሚችል ማወቁ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

መልመጃ፦ ከላይ ባለው ምሳሌ መረቡ ለመጨረሻዎቹ 4 ቀናት 71፣ 72፣ 72 እና 73 ብሎ ቢተነብይ፣ አማካይ ስህተቱ ስንት ነው? 4 ቀናትስ ለፍርድ ይበቃሉን?