ሥራ አስኪያጁን ማን ይጠይቀዋል?

በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ኩባንያ ለሚያቋቁሙ ወይም አክሲዮን ለሚገዙ የዳያስፖራ አባላት

በነገሌ ቦረና ሆቴል፣ በያቤሎ የከብት ማደለቢያ፣ በሞያሌ የጭነት ትራንስፖርት ለመክፈት ያሰበ የውጭ አገር ነዋሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መሬት፣ ስለ ግብር እና ስለ ምንዛሪ ነው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ርቆ የሚኖርን ባለሀብት ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሌላ ነገር ነው፦ እሱ በሌለበት ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው የሚጠይቅ፣ ሲያጠፋም የሚያነሳ አካል አለመኖሩ። የኩባንያ መልካም አስተዳደር የሚባለው እንዲህ ያለ አካል እንዲኖር ማድረግ ነው።

አካባቢው የሚያውቀው ሥርዓት

ይህ አሠራር ለቦረና እንግዳ አይደለም። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች የጉድጓዱ ባለመብት አባ ኮንፊ ይባላል። የዕለቱን ተራ የሚያስጠብቀውና ጥገናውን የሚያስተባብረው ግን አባ ሄረጋ ነው። ባለቤትነትና የዕለት አመራር ተለያይተዋል፤ ተጠቃሚዎቹም በጉባኤ ተቀምጠው ይመክራሉ። የገዳ ሥርዓት መሪ የሆነው አባ ገዳም የሚመራው ለስምንት ዓመት ብቻ ነው። በዘመኑ አጋማሽ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሥራው ይመረመራል፤ ጥፋት ከተገኘበት ሊነሳ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣኑን ለተተኪያቸው ለጉዮ ቦሩ ያስረከቡት ዘመናቸው ስላለቀ ነው።

ተቃራኒውንም ነገሌ አይታዋለች። በጥር 1966 ዓ.ም. በጦር ሰፈሩ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። አቤቱታቸው ሰሚ ሲያጣ ወታደሮቹ አመፁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው የራሳቸውን ምግብና ውሃ አቀመሷቸው። የአብዮቱ ዓመት የተጀመረው በዚህ ነበር።

ቅርጹን ይምረጡ፤ ስሙን ያጥሩ

የንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ብዙ በር ከፍቷል። ብቻዎን ከሆኑ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ከወንድም ከእህት ጋር ከሆነ ከ2 እስከ 50 አባላት የሚይዘው ኃ.የተ.የግ.ማ. ይበቃል። አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 አባላት ይፈልጋል፤ ቦርድና የውጭ ኦዲተር ስለሚያስከትል ለአነስተኛ ሥራ ይከብዳል።

የትኛውንም ቢመርጡ ሁለት ነገር አይለፉ። አንደኛ፣ መዋጮዎ በባንክ በኩል በኩባንያው ሂሳብ ይግባ። በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ጠብ በመጣ ቀን ስጦታ ነው ሊባል ይችላል። ሁለተኛ፣ የቦታው ካርታና የመኪናው ሊብሬ በኩባንያው ስም ይዙር። በአጎት ስም ያለ ቦታ ላይ የተሠራ ሆቴል በወረቀት የአጎት ነው። ሕጉም ቢሆን የኩባንያውንና የግሉን ንብረት የሚያቀላቅል ባለቤትን ከተወሰነ ኃላፊነት ጥበቃ ሊያወጣው ይችላል።

ውክልናውን ያጥብቡ

ብዙ ሰው ኤምባሲ ሄዶ ሰፊ ውክልና ይሰጥና ይረሳዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በጠቅላላ ውክልናና በልዩ ውክልና መካከል ለይቷል። ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለማስተዳደር ሥራ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማስያዝ" የሚሉትን ቃላት እንደ ልማድ አያስገቡ። ውክልናው የሚያበቃበትን ቀን ይጻፉ፤ ሲሽሩትም ለባንኩ ጭምር በጽሑፍ ያሳውቁ።

በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን የማያደርጋቸውን ነገሮች ይዘርዝሩ፦ ብድር መውሰድ፣ ንብረት መሸጥ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ውል መፈረም፣ ከራሱ ወይም ከዘመዱ ድርጅት ጋር መገበያየት። የባንክ ሂሳቡ በጣምራ ፊርማ ይሁን፤ ሁለቱ ፈራሚዎች ከአንድ ቤት ባይሆኑ ይመረጣል። የሥራ አስኪያጁ ዘመን ይወሰን፤ ደመወዙም ይጻፍ። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ዘመድ ድካሙን በራሱ መንገድ ለማካካስ ይፈተናል።

ለከብት ገበያ የሚሆን ቁጥጥር

የከተማ ሂሳብ አያያዝ ለዱብሉቅ ወይም ለሃሮ ባኬ ገበያ በቀጥታ አይበቃም። ከብት የሚገዛው በደላላ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በቃል ነው፤ አርብቶ አደሩ ደረሰኝ የለውም። ማጭበርበር የሚገባውም ከዚህ ክፍተት ነው። ለእያንዳንዱ ግዢ የሻጩንና የደላላውን ስም፣ ዋጋውንና የከብቱን የጆሮ ቁጥር የያዘ የግዢ ማረጋገጫ ይዘጋጅ። ገዢው፣ ገንዘብ ከፋዩና በረት ጠባቂው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ሞተ የተባለ ከብት በፎቶ፣ በጆሮ ቁጥርና በእንስሳት ሐኪም ወረቀት ካልተደገፈ ከሂሳብ አይሰረዝ። የባንክ መግለጫ በየወሩ ከባንኩ በቀጥታ ይድረስዎ፤ ሥራ አስኪያጁ አሳጥሮ የሚልከው መልእክት አይተካውም።

ድርቅንም እንደ አስተዳደር ጉዳይ ይቁጠሩት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈው ቦረና ብዙ ከብቱን አጥቷል። ከትርፉ ስንት እጅ ለመጠባበቂያ እንደሚቀር፣ መኖ መቼ እንደሚገዛ፣ ከብቱ መቼ እንደሚሸጥ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና የተሞከረውን በግጦሽ ጠቋሚ ላይ የተመሠረተ የእንስሳት መድንም ይጠይቁ።

አክሲዮን ሲሸጥልዎ

በአዳራሽ ስብሰባ ስሜት አይግዙ። ገንዘብ ከፍሎ መጠየቂያ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የአክሰስ ሪል እስቴትን ጉዳይ ያስታውሱ። ከ2,000 በላይ ቤት ገዢዎች፣ ብዙዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ፣ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ከፍለው ቤታቸውን ለዓመታት ጠብቀዋል። ደንበኞች እንጂ ባለአክሲዮኖች ስላልነበሩ ገንዘቡ የት እንደዋለ በጉባኤ የሚጠይቁበት ወንበር አልነበራቸውም።

ዛሬ የተሻለ መጠየቂያ አለ። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የጸደቀ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ፕሮስፔክተስ) ሊኖረው ይገባል። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ወጋገን ባንክን በመጀመሪያ መዝግቧል፤ ገዳ ባንክም ተከትሏል። መግለጫውን ሲያነቡ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የቦርድ ሰብሳቢውና ሥራ አስኪያጁ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን፣ በኦዲት የተመረመረ ሂሳብ መኖሩን፣ ድርጅቱ ከመሥራቾቹ ጋር ያደረገውን ግብይት።

ዜግነትዎንም ከሰነዱ ጋር ያስታርቁ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ብዙ መብት ቢሰጥም፣ በ2009 ዓ.ም. የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ተደርገዋል። በሩ ዳግም የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው። ከአባላቱ አንዱ ዜግነት ቢቀይር ድርሻው በምን ዋጋ፣ ለማን እንደሚተላለፍ የእርስዎም መመሥረቻ ጽሑፍ ይናገር።

ጎረቤትን አይርሱ

በጉጂ በለገደምቢ ማዕድን ለብዙ ዓመታት ወርቅ ያመረተው ሚድሮክ የተባለው ኩባንያ ነው። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ሲታደስ የአካባቢው ሕዝብ በጤናና በአካባቢ ጉዳት ተቃውሞ ተነሳ፤ በግንቦት ወር ሥራው ታገደ። ወረቀቱ ሕጋዊ ሆኖ ሥራው ግን ቆመ። አነስተኛ ማደለቢያም ቢሆን ውሃ የሚቀዳውና ሠራተኛ የሚቀጥረው ከዚያው ሕዝብ፣ ፍሳሽ የሚለቀውም በዚያው ሕዝብ መካከል ነው። ቅጥሩ በማን እንደሚወሰንና ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ የአገር ሽማግሌዎችንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያማክሩ።

ገንዘብ ከመላክዎ በፊት

ለእነዚህ አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያግኙ፦

1. ንብረቱ በማን ስም ነው?
2. ከባንክ ገንዘብ የሚያወጡት እነማን ናቸው?
3. ሂሳቡን ፈቃድ ያለው የውጭ ኦዲተር መቼ ይመረምረዋል?
4. ሥራ አስኪያጁ በማን፣ በምን ድምፅ ይነሳል?
5. አባል መውጣት ሲፈልግ ድርሻው እንዴት ይተመናል?

"እኛ ዘመዳሞች ነን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል" የሚል መልስ ከመጣ ገንዘቡን ያቆዩት። ወንድምዎን የሚወዱት ከሆነ ማንም እሱን በሌብነት በማይጠረጥርበት ሥርዓት ውስጥ ያሠሩት። ጠበቃና ኦዲተር የሚያስወጡት ወጪ በፍርድ ቤት ከሚባክነው ዓመትና ከሚፈርሰው ዝምድና እጅግ ያንሳል።