ከመፍቻ በፊት ጥያቄ

በዛሬው ትምህርታዊ ጽሑፍ ስለ መኪና ጉልበት ማስተላለፊያ ብልሽት እንነጋገራለን። «እኔ መምህር ልሆን ነው እንጂ መካኒክ ልሆን አይደለም፤ ምን ቸገረኝ?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ወደ ሩቅ የገጠር ትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚያደርሰው፣ ሲያስፈልግም ሕመምተኛ የሚያወጣው፣ ብዙውን ጊዜ በአራቱም ጎማው የሚነዳው ፎር ዊል ነው። ከዚህም በላይ፣ ብልሽትን ፈልጎ የማግኘት ዘዴ ለማንኛውም መምህር የሚበጅ የአስተሳሰብ ትምህርት ነው።

በቅድሚያ ያየሁትን ላውጋችሁ። አንድ ፒክአፕ ነበር። ለድንጋያማ መንገድ እንዲመች ተብሎ ባሌስትራው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደረገ። ቁመታቸው 76 ሴንቲ ሜትር የነበሩት ጎማዎች ወጥተው 84 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ተገጠሙለት። ቁመናው አማረ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። ወር ሳይሞላው ግን ንዝረት ጀመረ። ሾፌሩ ጋራዥ ወስዶት እንዲህ ሲል አስረዳ፦ «ከ60 በላይ ስነዳ ወለሉ እግሬን ይነዝረኛል። ማርሽ ብቀይርም ያው ነው። ነዳጅ ስሰጠው ይብሳል፣ ስለቀው ይቀንሳል።»

ማን ይስማው! «ካምቢዮው ነው» ተባለና ካምቢዮው ወርዶ ተፈታ፤ ኩሽኔታ ተለወጠ፤ ብዙ ገንዘብ ተከፈለ። መኪናው ሲወጣ ንዝረቱ እንዳለ ነው። በሦስተኛው ቀን መጽሐፍ ጭነን ቁልቁለት ስንወርድ ትራስሚሲዮኑ ከኋላ በኩል ተበጥሶ ወለሉን ይቀጠቅጥ ጀመር። የፍሬኑን ቱቦ ለጥቂት ሳተው። እኔ ጋቢናው ውስጥ ነበርኩ፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስሕተቱ የት ላይ ነበር? መልሱ ሾፌሩ በተናገረው ውስጥ ነበር። ይህን ለመረዳት ግን የጉልበቱን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉልበት ከሞተር ተነሥቶ በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮ በኋላ ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር አለ። ከዚያ ትራስሚሲዮን የምንለው ረጅም ዘንግ ጉልበቱን ወደ ዲፈረንሻል ያደርሳል። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ፒኞን ኮሮናን ያዞራል፤ ከኮሮናው ግራና ቀኝ የሚወጡት ሰሚያሶች ደግሞ ጎማውን ያዞራሉ። በትራስሚሲዮኑ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት መስቀል መሰል መታጠፊያዎች ክሮቼራ ይባላሉ።

አሁን ወደ ሾፌሩ ቃል እንመለስ።

1ኛ/ «ማርሽ ብቀይርም ያው ነው» አለ። በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየሄድን ማርሽ ብንቀይር የሞተሩ ዙር ይለወጣል፤ የትራስሚሲዮኑና የጎማው ዙር ግን አይለወጥም። ስለዚህ ንዝረቱ ካልተለወጠ ሞተርና ፍሪሲዮን ነፃ ወጡ ማለት ነው። ካምቢዮውም ከመውጫ ዘንጉ በስተቀር ነፃ ነው። ገንዘቡ የፈሰሰው እንግዲህ ነፃ በወጣው ላይ ነበር!

2ኛ/ «ይነዝረኛል» አለ እንጂ «ያወዛውዘኛል» አላለም። እስቲ እናስላ። የ84 ሴንቲ ሜትር ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ወደ 2.64 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1,000 ሜትር ስለሆነ፣ ጎማው በደቂቃ 380 ጊዜ ያህል፣ በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ንጽጽር 4.1 ለ1 ቢሆን ትራስሚሲዮኑ በሴኮንድ 26 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለሆነም የጎማ ችግር ዝግ ያለ መወዛወዝ ሲሆን፣ የትራስሚሲዮን ችግር ፈጣን ንዝረት ነው። ሰውነታችን ራሱ መለኪያ ነው።

3ኛ/ «ነዳጅ ስሰጠው ይብሳል» አለ። ይህ ጭነት ሲበዛበት የሚያጉረመርም አካል እንዳለ ይጠቁማል፤ ክሮቼራ ወይም የዲፈረንሻል ፒኞን ሊሆን ይችላል።

ማንም ያልጠየቀው አራተኛ ጥያቄ ግን «ከብልሽቱ በፊት ምን ተለውጦ ነበር?» የሚለው ነው። ክሮቼራ ቀጥ ብሎ ሲሠራ ሰላም ነው። ሲታጠፍ ግን የሚያዞረው ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። መታጠፉ 5 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ወደላይም ወደታችም ከግማሽ በመቶ በታች ነው። 20 ዲግሪ ሲሆን ግን ወደ 6 በመቶ ይደርሳል! ሁለቱ ክሮቼራዎች እኩል ከታጠፉና ሹካዎቻቸው በአንድ መስመር ከተገጠሙ የአንዱን ጥፋት ሌላው ያርመዋል። በእኛ መኪና ግን ባሌስትራው ከፍ ሲደረግ ከሥሩ ታኮ ተሰክቶ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሎ ነበር። የላይኛው ክሮቼራ በጣም ታጠፈ፣ የታችኛው ቀና አለ፤ መተራረም ቀረ። በዚያ ላይ ጎማው በ10 በመቶ ስላደገ፣ መኪናውን በዚያው ኃይል ለመግፋት ዘንጎቹ የሚሸከሙት የመጠምዘዝ ጫና በዚያው ልክ ጨመረ። ሲነዝር የከረመው ክሮቼራ በመጨረሻ ተሰበረ።

ሌሎች ምልክቶችንም ባጭሩ እንመልከት፦

ሀ/ የሞተሩ ዙር እየጨመረ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

ለ/ ሲነሣና ነዳጅ ሲለቀቅ «ኳ!» የሚል ከሆነ በክሮቼራ ወይም በጥርሶች መካከል ክፍተት አለ።

ሐ/ መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ሲነዳ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ የፊት ሰሚያስ መታጠፊያ ይመርመር።

መ/ ትራስሚሲዮኑ እየዞረ መኪናው አልሄድ ካለ ሰሚያስ ወይም ዲፈረንሻል ተሰብሯል። ተራ ዲፈረንሻል አንዱ ሰሚያስ ሲሰበር ጉልበቱን ሁሉ ወደ ተሰበረው ያፈስሳል። የፊቱ ሲገባ መኪናው ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ነገር ግን በአንዳንዱ መኪና ሰሚያሱ ራሱ ጎማውን ስለሚይዝ፣ ጎማው እንዳይወልቅ ሳያረጋግጡ መንዳት አደገኛ ነው።

ሠ/ የዲፈረንሻል ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የሞቀ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ በዘይት መከላከያ ጎማው በኩል ውኃ ይስባል። በዘይት ማፍሰሻው ማግኔት ላይ የሚገኝ ደቃቅ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው፤ ስብርባሪ ብረት ግን የተሰበረ ጥርስ ምልክት ነው።

ማስጠንቀቂያ! መኪና ሥር ከመግባታችሁ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ከቶ አትግቡ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ መሞከር፣ ነፃ የሆነውን መለየት፤ መፍታት በመጨረሻ ይመጣል። ያ ሾፌር ንባብ እንኳ በቅጡ አልተማረም ነበር፤ ብልሽቱን ግን ከሁሉም አስቀድሞ ተናግሯል። ነገ በክፍላችን ውስጥ አንድ ተማሪ «እስከዚህ ገብቶኛል፤ ከዚህ ወዲያ ጠፋኝ» ሲለን፣ ብልሽቱ የት እንዳለ እየነገረን ነውና «ሰነፍ ነህ» ብለን ካምቢዮውን አናውርድበት።

የዕለቱ ጥያቄ፦ አንድ መኪና ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሳለ ያጉረመርማል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ጸጥ ይላል። ብልሽቱ የት ይመስላችኋል? መልሱን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ አቅርቡ።