የሰሎሞን ስም ያለበት የቀልድ ፊልም



የዚህ ወር የጥናት ጽሑፍ ተራ የደረሰው በጉዱማሌ አካባቢ ለምንኖር ወጣቶች ነው። ርእስ ምረጡ በተባልን ጊዜ ብዙ አሰብን። ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ ጓደኛ ምርጫ ያለፉት ቡድኖች ጽፈዋል። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ሳምንት ሁላችንም የምናወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ወንድማችን ቤት ተሰብስበን ስላየነው «ሻዛም» ስለተባለ የቀልድ ፊልም ነው። መምህራችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉና «እንግዲያው የሳቃችሁበትን ጻፉ፤ ለምን እንደ ሳቃችሁም አብራችሁ ጻፉ» አሉን። እኛም ቀላል መስሎን ተቀበልን።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የወጣ ሲሆን አዘጋጁ ዴቪድ ሳንድበርግ ነው። ታሪኩ ቢሊ ባትሰን ስለሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው። ቢሊ በሕፃንነቱ በአንድ የመዝናኛ ትርኢት ቦታ ከእናቱ እጅ ተለይቶ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ እየኮበለለም እናቱን ሲፈልግ ኖሯል። በመጨረሻ በፊላደልፊያ ከተማ ቪክተርና ሮዛ ከሚባሉ ባልና ሚስት ቤት ይገባል። እነርሱም ራሳቸው በአሳዳጊ እጅ ያደጉ ናቸው፤ በቤታቸውም ሌሎች 5 ልጆች አሉ። አንድ ቀን ቢሊ በመሬት ውስጥ ባቡር ሲሄድ ሳያስበው ወደ አንድ ዋሻ ይወሰዳል። በዚያ ያገኘው የደከመ ሽማግሌ (ሆኖ የሠራው የቤኒን ተወላጁ ጂሞን ሁንሱ ነው) «ሻዛም» እንዲል ያዘዋል። ልጁ ቃሉን ሲናገር መብረቅ ይወርድና ቀይ ልብስ የለበሰ፣ ነጭ ካባ የደረበ ትልቅ ሰው ይሆናል። አካሉ የጎልማሳ፣ ልቡ ግን ያው የ14 ዓመት ልጅ ነው። ቀልዱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ፍሬዲ የሚባለው፣ በክራንች የሚሄደው የቤቱ ልጅ፣ ስለ ልዕለ ኃያላን የማያውቀው ነገር የለም። ሁለቱ ልጆች አዲሱ ጀግና ምን ምን እንደሚችል ለመለየት ሙከራ ይጀምራሉ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝና ብሎ ቢራ ሊገዛ ሱቅ ሲገቡ ዘራፊዎች ይገጥሟቸዋል፤ ጥይትም እንደማይበሳው ያውቃሉ። ነገር ግን ጥይቱን የመለሰው ልብሱ ነው ወይስ ገላው? ይህን ለማረጋገጥ ፍሬዲ ዘራፊዎቹን ፊቱን እንዲተኩሱት ይጠይቃቸዋል! ቢራውንም አንድ ጊዜ ቀምሰው ሁለቱም ይተፉታል፤ ተመልሰውም የልጅ ጣፋጭ ይዘው ይወጣሉ። ከሁሉ ይልቅ የሳቅነው ግን ወደ መጨረሻው ነው። ክፉው ዶክተር ሲቫና በሰማይ ላይ ቆሞ ረጅም የዛቻ ንግግር ያደርጋል፤ ጀግናችን ግን ርቀቱ ብዙ ስለ ሆነ አንዲት ቃል አይሰማም፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ያያል። በአሞራ ገደል ዳር ቆሞ ከሐይቁ መካከል በጀልባ ላይ ሆኖ ከሚጮኽ ሰው ጋር የተነጋገረ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ስንት ፊልም አይተን የክፉዎችን ዛቻ ስናዳምጥ ኖረናል፤ «ለመሆኑ ይሰማል ወይ?» ብለን ጠይቀን ግን አናውቅም።

ስለ ጀግናው አመጣጥ ጥቂት እንበል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 በሥዕል በሚነገር የታሪክ መጽሔት ላይ ሲሆን ስሙም «ካፕቴን ማርቬል» ነበር። ታሪኩን የጻፈው ቢል ፓርከር፣ የሣለው ሲ. ሲ. ቤክ ነው። በ1941 በ12 ክፍል ፊልም ተሠራለት። የሱፐርማን አሳታሚዎች «የእኛን ቀድታችኋል» ብለው ከሰሱ፤ ከብዙ ዓመት ሙግት በኋላም በ1953 ኅትመቱ ቆመ። በ1973 ግን እነዚያው ከሳሾች «ሻዛም» በሚል ርእስ እንደገና አሳተሙት። የተከሰሰውን ልጅ ከሳሹ ወስዶ አሳደገው እንደ ማለት ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ብሥራት ደበበ «ጀምበር» የተባለ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከመካከላችን ተመርቀው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቆመው የሚውሉት ይህን ሲሰሙ በጣም ወደዱት።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። «ሻዛም» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ከ6 ስሞች መጀመሪያ የተሠራ ነው፤ የሰሎሞን ጥበብ፣ የሄርኩለስ ጉልበት፣ የአትላስ ጽናት፣ የዜውስ ኃይል፣ የአኪለስ ድፍረት፣ የሜርኩሪ ፍጥነት። አንዲት እኅታችን ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «የዳዊት ልጅ ከጣዖታት ጋር እንዴት በአንድ ቃል ይታሰራል? ይህስ አስማት አይደለምን?» አለች። ቀላል ጥያቄ አልነበረም። አንዳንዶቻችን «ጅብና አንበሳ የሚነጋገሩበትን ተረት እየሰማን አድገን የለምን? ይህም ተረት ነው» ብለን መለስን። እርስዋ ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ከፍታ አነበበችልን። የልስጥራ ሰዎች ጳውሎስና በርናባስን አማልክት በሰው አምሳል የወረዱ መስሏቸው በዜውስና በሄርሜስ ስም ሲጠሯቸው፣ ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀድደው እየጮኹ ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ። ሄርሜስ ማለት ደግሞ ሮማውያን ሜርኩሪ የሚሉት ነው። ዝም አልን። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ስናስታውስ ቢሊ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ መሆኑ ታየን። ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት ደስ ብሎት መብረቅ ከእጁ እያወጣ ገንዘብ ይሰበስባል። በዚሁ ጨዋታ መብረቁ አንድ አውቶቡስ መትቶ ከድልድይ ጫፍ ላይ ያንጠለጥለዋል። ቢሊም በጭንቅ ተሸክሞ ያወርደውና «አዳንኋቸው» ብሎ ይመካል። አደጋውን ያመጣኸው አንተው ነህ ብሎ የሚገሥጸው ፍሬዲ ነው። እኅታችንም «ይኸኛውን ክፍል ተቀብያለሁ» አለች፤ ስለ ቃሉ ግን እስካሁን አልተስማማችም። እኛም አላስገደድናትም።

የሚያስቀው እንግዲህ ይህ ነው። በቃሉ ውስጥ ሰሎሞን አንደኛ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ጉልበቱም ፍጥነቱም መብረቁም ወዲያው መጥተው ጥበብ ብቻ የለችም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 እንደምናነበው ሰሎሞን ንጉሥ ሆኖ ሳለ ራሱን ታናሽ ብላቴና ብሎ ጠራ፤ የለመነውም ማስተዋልን ነው፤ ሀብትና ክብር በላዩ ተጨመሩለት። ቢሊ ብላቴና ሆኖ ሳለ ትልቅ ሰው ነኝ ይላል፤ የተጨመረው ሁሉ ቀድሞ ደርሶ ዋናው ዘግይቷል። ጥበብ ብልጭ የምትለው ወደ መጨረሻው ነው። ሲቫና ኃይሉን ያገኘው በሰባቱ የሞት ኃጢአቶች ነው፤ በፊልሙም እያንዳንዳቸው እንደ አስፈሪ አውሬ ተሥለዋል። (እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፤ አውሬዎቹ ሰው የሚገድሉበት ክፍል አለና ታናናሾቻችንን ከቤት አስወጥተን ነው ያየነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።) በመጨረሻ በሲቫና ውስጥ የቀረው ቅናት ብቻ ነው። ቢሊ ቅናትን በጉልበት አልመታውም፤ ከወንድሞችህ ሁሉ ታንሳለህ እያለ አበሸቀው፤ ቅናትም አላስችል ብሎት ወጣ። ከዚያም በፊት ቢሊ ኃይሉን ለብቻው መያዝ ትቶ ለአሳዳጊ ቤት ወንድሞቹና እኅቶቹ አካፍሏል። ፍሬዲ ያለ ክራንች ሲበር ጭብጨባችን ጎረቤት አስደነገጠ።

በዚህ ብናቆም ጽሑፉ ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ከመጠናቀቁ በፊት ቢሊ እናቱን ያገኛታል። ለካስ ልጁ ጠፍቶ የቀረ አልነበረም። እናቱ ገና በልጅነቷ የወለደች፣ ረዳት የሌላት ነበረች፤ ያን ቀን ፖሊሶች ልጁን ይዘው ባየች ጊዜ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ይሻሉታል ብላ ሄደች። ልጁ ለብዙ ዓመት የያዛትን የትርኢት ቦታ ኮምፓስ ሲያሳያት ምን እንደ ሆነ እንኳ አላስታወሰችም። በሳቅ ስንንከተከት የነበርን ሁሉ ጸጥ አልን። ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ተነሥቶ ወጣ።

ይህ ወንድማችን ያደገው በአክስቱ ቤት ነው። እናቱ ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ስልኳም ከተቋረጠ ቆይቷል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ፊልሙን ስንመርጥ ግን ማንም አላሰበውም። ተመልሶ ሲገባ ተወያይተንበት ቆየን፤ ሳናስተውል እናትየዋን ክፉኛ እንኰንን ነበር። እርሱም «እስቲ ያንኑ ምዕራፍ 3ን ጨርሱት» አለ። ጨረስነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ሲከራከሩ ሰሎሞን ይከፈል አለ፤ እውነተኛይቱ እናት ግን ልጁ በሕይወት እንዲኖር ብላ ለሌላይቱ ይሰጣት አለች። «እንግዲህ በዚያ ፍርድ የምትታወቀው እናት የለቀቀችው ናት» አለ ወንድማችን። አንዱ ደግሞ «ያችኛዋ ስትለቅ አልቅሳለች፤ ይህችኛዋ ግን ኮምፓሱን ረስታለች» ሲል ተከራከረ። ሌላዋ ሮዛን አነሣች፤ ያልወለደችውን ሲኮበልል የምትፈልግ፣ ከማዕድ በፊት ከሁሉም ጋር እጇን ደርባ የምታመሰግን ሴት። በጉዱማሌ ላደገ ይህ እንግዳ አይደለም። በፊቼ ጫምባላላ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ቤት ሲዞሩ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ ከደጅ የሚመልስ አላየንም። ክርክሩ እየረዘመ ሲሄድ ወንድማችን ቀስ ብሎ «ሰሎሞን ፊት እኔ ብቀርብ ለማን ይሰጠኝ ነበር?» አለ። የመለሰለት የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት አክስቱ ራሳቸው «ያ ያሳቃችሁን እኔም ልየው» ብለው ጠሩን። ቡና እየቆሉ አዩት። ካባውን ሲያዩ ብርድ እንዳይመታው ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ ቢራውን ሲተፉት ከሁላችንም አስቀድመው ሳቁ። ቢሊ ከእናቱ ደጅ ብቻውን ሲመለስ ግን ጀበናውን አስቀምጠው «ኧረ ይህ ልጅ እራቱን በልቷል?» አሉ። ወንድማችንም ከጎናቸው ተቀምጦ ነበርና «ገና ነው እታባ፤ ሮዛ ቤት ይጠብቁታል» አላቸው።