ያላየነውን አንናገርም

የሶቪየቱ የሥነ ልቡና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና በ1932 (እ.ኤ.አ.) ኡዝቤኪስታን ገጠር ወርዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን ጠየቀ። በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድብ ሁሉ ነጭ ነው፤ ኖቫያ ዜምሊያ በሩቅ ሰሜን ናት፤ እዚያ ያለው ድብ መልኩ ምንድን ነው? ብዙዎቹ፣ አላየንም፣ ያላየነውን አንናገርም፣ አገሩን የሚያውቅ ጠይቅ አሉት። ጥቂት የተማሩት ግን ነጭ ነው ሲሉ መለሱ።

ታዲያ እጩ መምህራን፣ ገበሬው ማሰብ አቃተው እንበል? የለም! በእኛ ግምት ያላዩትን አለመመስከር ጨዋነት ነው፤ እኛም አገር እንዲሁ ነው።

በማስተማር ልምምዳችን፣ «አባትህ 12 በጎች ቢኖሩትና 5ቱን ቢሸጥ ስንት ይቀሩታል?» ብንለው አንድ ልጅ፣ «ኧረ አባቴ በግ የለውም» አለን። ክፍሉ ሳቀ። እኛም ዜሮ ሰጠነው። ዜሮውስ ጥያቄውን ላወጣነው ለኛ ነበር የሚገባው።